ሰማንያ ስምንተኛው ቀን

ሠላሳ አምስት ዓመት ጣሪያ ላይ ሲመላለስ የኖረ ሰው ከመሰላል ወድቆ ሞተ ቢባል፣ በግራናይት ፖይንት ማንም አያምንም። አርቪድ ኩርቲን ሞቶ ያገኘችው ማርጎ ዴሎንግ መሆኗ ሲሰማ ደግሞ መንደሩ እርስ በርሱ ተያየ። አርቪድ ያችን ሴትዮ በየምግብ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር «ሌባ» እያለ ስሟን ሲያነሳና ሲጥል ከርሟል።

መርማሪ ሄልቪ ራንታላ ከሸሪፍ ቢሮ ስትደርስ ረቡዕ ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። በረዶው ከአንድ ሰዓት በላይ ስለጣለ የጎማም የእግርም ዱካ አልተረፈም። ሬሳው ከማርጎ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ጀርባ፣ ድንጋዮቹ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አጠገቡ ረጅም የአሉሚኒየም መሰላል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከራሱ በላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ገና አጥር ያልተሠራለት የእንጨት በረንዳ ተንጠልጥሏል።

«አዳልጦት ነው አለቃ» አለ ረዳቷ ፔልኪ፣ መዳፎቹን እያፋተገ። «በዚህ ብርድ መሰላል ላይ መውጣት እብደት ነው።»

«ምን ሊያደርግ ይወጣል? የዚህን ቤት ጣሪያ ሠርቶ የጨረሰው ኦገስት ላይ ነው።»

ሄልቪ መሰላሉን ዞር ብላ አየችው። ደግማ አየችው። የራሷን ቤት ጣሪያ የሠራላት አርቪድ ስለነበር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ቡናዋን ይዛ በመስኮት ስታየው ነበር።

«ና እስቲ። ይኼ መሰላል ሁለት ክፍል አለው አይደል? ላይኛው ክፍል መሆን ያለበት በሚወጣው ሰው በኩል ነው። ይኼኛው ወደ ግድግዳው ዞሯል። እግሮቹን ደግሞ እይ። መሬት ላይ ሲሆን ሹሉ ጫፍ ነው የሚተከለው። እዚህ ግን ጎማው ነው የተቀመጠው፤ ወለል ላይ እንደሚቆም።»

ፔልኪ ጎንበስ ብሎ አየ። «ታዲያ?»

«ታዲያማ ይኼን ያቆመው ሰው መሰላል አያውቅም። አርቪድ አላቆመውም።»

ማርጎን ወጥ ቤት ውስጥ አገኟት። ስድሳ ዓመት የሞላት፣ ቀጭን፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ሴት ናት። ሰው ሞቶ እንኳ ከንፈሯን መቀባት አልረሳችም።

«ጠዋት የት ነበርሽ?» አለች ሄልቪ።

«ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ።»

ሄልቪ ፀጉሯን አየችው። ከሰሞኑ የማንም እጅ አልነካውም። «ስልክሽን ልየው?»

ማርጎ አመነታች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ገፋችላት። ለፖሊስ የደወለችው አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሌላ ቁጥር አለ።

«ሰው ደጃፍሽ ላይ ሞቶ አገኘሽ፤ መጀመሪያ የደወልሽው ለማን ነው?»

ማርጎ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ማርጎ፣ አንቺን መያዝ በጣም ቀላል ነው። አታቅልይልኝ።»

«ለገዢ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቤቱን ልሸጠው ነው። ጠዋት ከገዢው ጋር ቁርስ ቤት ነበርኩ። ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ተኩል። አስተናጋጇን ጠይቂያት።»

«ለምን ትዋሺያለሽ ታዲያ?»

«አርቪድ መያዣ አስመዘግባለሁ እያለ ሲዝት መክረሙን አገሩ ያውቃል። ያ ወረቀት አንዴ መሬት ምዝገባ ከገባ ቤቱን መሸጥ የለም። ባንክም ዞር ብሎ አያይሽም። የሠራበት ክፍያ እስኪጠራ ድረስ ቤቱ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቆ ይቀራል። ልሸጥ መሆኔን ካወቃችሁ ማን ገደለው ትላላችሁ?»

«ሞቱ ጠቅሞሻል።»

«እኔ እኮ ከፍያለሁ!» ማርጎ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «ለዋናው ኮንትራክተር፣ ለራንዲ ቶማሲ፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍያለሁ። ራንዲ ለጣሪያ ሠሪው ይክፈል አይክፈል የእኔ ጉዳይ ነው? ሕጉ ግን ቤቴን ይይዝለታል። ሦስት ወር ሙሉ ሌባ ተባልኩ። አንድ ሰው እንኳ ‹ሴትዮዋ ምን ትላለች› ብሎ አልጠየቀኝም።»

አስተናጋጇ አረጋገጠች። ማርጎ በተባለው ሰዓት ቁርስ ቤቱ ነበረች፤ እንቁላሏን ግን አልነካችውም።

አርቪድ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ያለችው አንዲት እህት፣ አይሊ ናት። ባሏ ዱዌይን ሆስኪንግ የጣሪያ ሥራውን ቢሮ ይዟል፤ ደብዳቤው፣ ሒሳቡ፣ ስልኩ የእሱ ነው። ወገቡን ስለሚያመው አንድም ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ሄልቪ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ስትደርስ አይሊ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። በቁርጥማት የቆለመሙ ጣቶቿን ጭኗ ላይ ደርባቸዋለች። የተናገረው ዱዌይን ነው።

«ገደሉት» አለ፣ ዓይኑ ደም መስሎ። «አርብ ዘጠናው ቀን ያልቅ ነበር። መጨረሻ ከሠራበት ቀን በዘጠና ቀን ውስጥ ካላስመዘገበ መብቱ ይሞታል። ይኼን የሚያውቅ ሰው ነው የገደለው።»

«ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?»

«ሰማንያ ስምንተኛው። እኔ ራሴ ጠዋት ካውንቲው የመሬት ምዝገባ ቢሮ ሄጄ ነበር፣ ላስመዘግብለት። ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። አንድ ፊርማ ጎደለ ብለው መለሱኝ።»

ቢሮው ከመንደሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የሬሳ መርማሪው አርቪድ የወደቀው ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው ብሎ ገምቷል።

«ስንት ሰዓት ተመለስክ?»

«ለምሳ ነው የመጣው» አለች አይሊ ድንገት። ቀና አላለችም።

ሄልቪ ማስታወሻዋን ያዘች። «አርቪድ ማርጎ ቤት ምን ሊሠራ ሄደ?»

«ሊጣላት ይሆናላ» አለ ዱዌይን። «ወይም ራንዲ እዚያ ቀጥሮት ይሆናል። ገንዘቡን የበላው ራንዲ ነው፤ ይኼን ማንም ያውቃል። አርቪድ ወረቀቶቹን የሚይዝበት ሰማያዊ ማኅደር ነበረው። መኪናው ውስጥ አገኛችሁት?»

«አላገኘንም።»

«አያችሁ!»

ራንዲ ቶማሲን በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ አገኙት። ብርቱካናማ የአደን ሰደርያውን እንደለበሰ፣ የተሰቀለ አጋዘን እየገፈፈ ነበር። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሲስቅም ሲቆጣም ድምፁ እኩል ነው።

«ሄልቪዬ! እኔ ስጠብቅሽ ትናንት ቀረሽ። መቼም ገዳዩ እኔ ነኝ አይደል?»

«ነህ እንዴ?»

«ማንን ገደልክ ካልሽኝ ይኸው ተሰቅሏል።» ቢላዋውን አስቀመጠና ፈገግታው ጠፋ። «ትናንት ጫካ ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር ታድኚያለሽ? ብቻዬን።»

«ምስክር የለህም ማለት ነው።»

«ቆይ፣ የመጀመሪያውን አጋዘን ትናንት ነው የገደልኩት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስጋ ቤት ወስጄ አስመዝኜዋለሁ። ደረሰኙ እዚያ ላይ ነው።»

ፔልኪ ደረሰኙን አንስቶ አየና ለሄልቪ አቀበላት። ሰዓቱ ልክ ነው። ስጋ ቤቱ ከማርጎ ቤት አርባ ደቂቃ ይርቃል።

«ደረሰኝ ለማንም ይቆረጣል» አለች ሄልቪ። «ስጋ ሻጩን እጠይቃለሁ። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ለአርቪድ ለምን አልከፈልከውም?»

«ማነው ያልከፈለ?» ራንዲ እጁን በጨርቅ ጠረገና ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣ። «አንብቢ።»

ወረቀቱ ‹ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ፤ በቤቱ ላይ ያለኝን የመያዣ መብት ትቻለሁ› ይላል። ከሥሩ የአርቪድ ኩርቲ ፊርማና ቀን አለ፤ ሴፕቴምበር 3።

«ያለዚህ ወረቀት ባንኩ ለእኔም ገንዘቡን አይለቅልኝም» አለ ራንዲ። «ቼኩን ላክሁ፣ ወረቀቱ ከቢሯቸው በፖስታ መጣልኝ። ከዚያ ሰውዬው አልተከፈለኝም እያለ ያብዳል! አረጀ፣ ረሳ አልኩ። ማክሰኞ ዕለት እዚሁ መጣ፤ አሳየሁት።»

«ምን አለ?»

«መነጽሩን አወጣ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ‹ኮፒ አለህ?› አለኝ፤ ሰጠሁት። ማኅደሩ ውስጥ ከተተውና ወጣ። ደህና ዋል እንኳ አላለኝም። ያን ያህል ሲሰድበኝ ከርሞ፣ ያን ቀን አንድ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም።»

መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ፔልኪ ጭንቅላቱን አከከ። «ፊርማውን ራሱ ራንዲ ቢፈርመውስ? ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት? አርቪድ ሲነቃበት...»

«አስቤዋለሁ።»

«መሰላሉንም እኛን ለማሳት ሆን ብሎ ገልብጦ ያቆመው ይሆናል።»

«እሱንም አስቤዋለሁ። አንተን ብቻ ነው እስካሁን ያልጠረጠርኩት፤ አንተም ዛሬ ብዙ ታወራለህ።»

ስጋ ሻጩ ግን ራንዲን በዓይኑ አይቶታል፤ አጋዘኑን አብረው ነው ያወረዱት።

የመሬት ምዝገባ ቢሮው ሠራተኛ ወይዘሪት ኦዴት ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ሄልቪ የሄደችው አርቪድ ከመሞቱ በፊት ያስመዘገበው ነገር እንዳለ ለመጠየቅ ነበር።

«በኩርቲ ስም ምንም አልገባም» አለች መዝገቡን አይታ።

«ዱዌይን ሆስኪንግ ረቡዕ አምጥቶት ፊርማ ጎደለ ብላችሁ መልሳችሁት የለም እንዴ?»

«ረቡዕ ስንት ሰዓት?»

«ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት።»

ወይዘሪት ኦዴት መነጽሯን አወለቀች። «የኔ እመቤት፣ ረቡዕ ጠዋት ዝግ ነበርን። የማሞቂያው ቧንቧ ፈንድቶ ይኼ ሁሉ ወለል ውሃ ነበር። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ እንኳን ባለጉዳይ እኔም አልገባሁም። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈን ነበር፤ ግን ለማየትም እኮ መምጣት ያስፈልጋል።»

ሄልቪ አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመች።

አርብ ጠዋት ከፍርድ ቤት በተሰጠ ትእዛዝ የባንኩ መልስ ደረሰ። የራንዲ ቼክ የገባው አርቪድ በማያውቀው፣ በድርጅቱ ስም ሌላ ከተማ በተከፈተ ሒሳብ ነው። ያንን ሒሳብ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዱዌይን። ገንዘቡ በዚያው ሳምንት ፍሎሪዳ ላለ መሬት ሻጭ ሄዷል።

«እንያዘው» አለ ፔልኪ፣ ካፖርቱን እያነሳ።

«በምን? በሌብነትና በውሸት? ውሸታም ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ማርጎም ዋሽታናለች። በዚያ ሰዓት እዚያ እንደነበር የሚያሳይ ምን አለን?»

ፔልኪ ካፖርቱን መልሶ ሰቀለ።

የሬሳ ምርመራው ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ሄልቪ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ዱዌይን ሬሳ ሳጥን ሊመርጥ ወጥቷል። አይሊ ብቻዋን ነበረች። ለሄልቪ ከምድጃው ፓስቲ የሚሉትን የስጋ ቂጣ አውጥታ ሰጠቻት፤ ሁለቱም አልነኩትም።

«አንድ ወረቀት ላሳይሽ» አለች ሄልቪ። «ይኼ የወንድምሽ ፊርማ ነው?»

አይሊ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርባ አየችው። «ይመስላል።»

«ቀኑስ?»

«ሴፕቴምበር ሦስት...» ከንፈሯ ቆመ። «አይሆንም። በዚያ ቀን አርቪድ ሆስፒታል ነበር። ለሆድ ዕቃው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፤ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ላይ ነው የዋለው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ዱዌይን ነው ቢሮውን...»

አልጨረሰችውም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በመዳፏ አስተካከለችው፤ የተጨማደደ ነገር የሌለውን።

ሄልቪ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች አይሊ። «ዱዌይን ወዲያው ነው የሞተው፣ ምንም አልተሰማውም አለኝ። እውነት ነው?»

ሄልቪ በሥራዋ ብዙ ሰው አጽናንታለች። ‹ወዲያው ነው› ማለት ቀላል ነው፤ ሁሌም ትለዋለች። ይህችን ሴት ግን ከረቡዕ ጀምሮ ሰው ሲዋሻት ነው የከረመው።

«አይደለም» አለች። «ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የገደለው ብርዱ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ቢጠራለት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

አይሊ ዓይኗን ጨፈነች። «ዱዌይን ይኼን በምን አወቀ ብዬ አልጠየቅኩም» አለች ቀስ ብላ። «ወዲያው ነው የሞተው ሲለኝ፣ አንተ በምን አወቅክ ማለት ነበረብኝ።»

«አይሊ፣ ረቡዕ ስንት ሰዓት ነው የተመለሰው?»

«አራት ሰዓት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ነበር። ጓንቱን ምድጃ ውስጥ ከተተው፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ካርታ ስጫወት ነበር፣ ፖሊሶች ካወቁ እዋረዳለሁ፣ ለምሳ ነው የመጣው በይልኝ አለኝ። ካርታ መስሎኝ ነው የዋሸሁልሽ። ካርታ ነው ብዬ ተቆጥቼው ነበር እኮ።»

ተነስታ በጓሮ በር ወጣች። ሄልቪ በመስኮት አየቻት፤ በበረዶው ውስጥ በቤት ጫማዋ እስከ ሳውናው፣ እስከ እንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ሄደች። ስትመለስ ሰማያዊ ማኅደር ይዛለች።

«ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ነው። ትናንት እንጨት ላመጣ ስሄድ አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ለዚህ ነገር ሌላ ምክንያት ስፈልግለት አደርኩ።»

ማኅደሩ ውስጥ ራንዲ ማክሰኞ የሰጠው ኮፒ ነበር። ከሱ በታች ደግሞ፣ ዱዌይን ላስመዘግብ ሄጄ ከመስኮቱ ተመለስኩበት ያለው የመያዣ ቅጽ አለ። አንዲት ቃል አልተጻፈበትም።

ዱዌይን ሬሳ ሳጥን ቤቱ ውስጥ የጥድና የኦክ ሣጥን እያነጻጸረ ሳለ ነው የያዙት። አልታገለም። ጣቢያ ሲደርስ ውሃ ጠየቀ፤ ጠጣና ማውራት ጀመረ።

«ፍሎሪዳ ላይ መሬት ገዛሁ። ለአይሊ ነበር። ይኼ ብርድ እጆቿን እየበላት ነው፤ ሞቅ ያለ አገር ቤት ልሠራላት። መሬቱ ረግረግ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጩም ጠፋ። ቀስ ብዬ ልመልሰው ነበር።»

«መያዣውን ለማስመዝገብ እንዳይሄድ ምን ስትለው ከረምክ?»

«እኔ አደርገዋለሁ፣ አንተ ሥራህን ሥራ አልኩት። ዘጠናው ቀን ቢያልፍ ጉዳዩ ይሞታል ብዬ ነው። ማክሰኞ ግን የራንዲን ወረቀት አይቶ መጣ።»

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ይኼ ነው የገደለኝ።» ዱዌይን ፊቱን ሸፈነ። «አልጮኸብኝም። ‹ይችን ሴት ሦስት ወር ሌባ ብያታለሁ። ነገ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አንተም ትመጣለህ፤ ለምን እንደሆነ በራስህ አፍ ትነግራታለህ› አለኝ። የየራሳችንን መኪና ይዘን ሄድን። ማርጎ አልነበረችም። በረንዳው ላይ ቆመን ጠበቅናት። ለመንኩት። ለአይሊ እንዳትነግራት፣ ሥራ እለቃለሁ አልኩት። ‹ከማርጎ ቀጥሎ አይሊ ናት› አለኝ። ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ወረድኩ። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር።»

«አርቪድ አየህ?»

«አየኝ።»

«ስልክ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

ዱዌይን ባዶውን ብርጭቆ ገፋ አደረገው። ፔልኪ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

«መሰላሉን ከአርቪድ መኪና ላይ አወረድኩ» አለ ዱዌይን።

አርቪድ በተቀበረ በማግስቱ አይሊ የማርጎን በር አንኳኳች። ያመጣቻት ሄልቪ ናት፤ እጇ መሪ አይጨብጥላትም። ሄልቪ ደረጃው ሥር ቀረች።

ማርጎ ከፈተች። ገዢው በወሬው ደንግጦ ሸሽቷል፤ ማረፊያው ውስጥ አንድም እንግዳ የለም። አይሊን ስታይ ፊቷ ጠነከረ፤ ሌላ ስድብ የመጣ መሰላት።

«ወንድሜ ሌባ ብሎሻል» አለች አይሊ። «አልነበርሽም። ያን ዕለት እዚህ የመጣው ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነበር። ስላልደረሰ እኔ መጣሁ።»

ማርጎ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆየች። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «ወድቆ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ለሃያ ደቂቃ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም።»

አይሊ ራሷን ነቀነቀች። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የአይሊን ካፖርት ከእግሯ ጋር አጣበቀው፤ ቀና ብላ ወንድሟ የሠራውን ጣሪያ አየች። ማርጎም አብራት አየች።

«ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ ማዕበል» አለች ማርጎ፣ «አንዲት ጠብታ አላስገባም።»

«አያስገባም» አለች አይሊ።

ማርጎ እንድትገባ ከበሩ ዘወር አለችላት።